የጊታር አምፕሊፋየር ቲዩብ፦ የትኛው ለየትኛው አምፕ፣ ለየትኛው ኪስ?

ቲዩብ (በአምፕሊፋየሩ ውስጥ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አምፖል መሰል መስታወት) ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የስም ጋጋታ ነው። አሜሪካኖች 12ኤኤክስ7 ያሉትን አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል፤ 7025 ተብሎም ይሸጣል። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ቲዩብ በሦስትና በአራት ማርካ፣ በሦስትና በአራት ዋጋ ይቀርባል። ሻጩ ደግሞ «ሞቅ ያለ»፣ «የስድሳዎቹ ድምፅ» እያለ ይጨምርበታል። በዚህ መሃል ብዙ ሰው ጆሮው የማይለየውን ልዩነት በብዙ ብር ይገዛና አምፕሊፋየሩን የሚያቃጥለውን ልዩነት ሳያይ ያልፋል። እዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩ የሚችለው፣ ቀጥሎ የሚጫወቱት ሙዚቃ፣ ማርካ መጨረሻ።

## ከመግዛትዎ በፊት፦ ጥፋቱ የቲዩብ ነው?

አምፕሊፋየር ሲንጣጣ ሁሉም ሰው ቲዩብ ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን የቆሸሸ ሶኬት ወይም አቧራ የጠጣ የቮልዩም ቁልፍ ነው። ቁልፉን ሲያዞሩ ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ ቲዩቡን ይተዉትና ቁልፉን በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ያጽዱ። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እያለ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መልሶ መሰካት ብቻውን ስንት «የተበላሸ» አምፕ አድኗል።

የቲዩብ ጥፋት የራሱ ምልክት አለው።

የሚያፏጭ ወይም ሲነኩት ቶንግ የሚል ከሆነ ማይክሮፎኒክ ሆኗል። አምፑን አብርተው ቮልዩሙን መካከለኛ ላይ ያድርጉና ትንንሾቹን ቲዩቦች በእርሳስ ላጲስ በኩል ቀስ አድርገው ይንኳቸው። ሁሉም ትንሽ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ጥፋተኛው ደወል ይላል ወይም ማፏጨት ይጀምራል። ከጊታሩ መግቢያ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ቲዩብ ከሌሎቹ የበለጠ ቢሰማ አይደንግጡ፤ የሱን ድምፅ ከኋላው ያሉት ሁሉ ስለሚያጎሉት ነው።

ከመስታወቱ አናት ላይ ያለው ብርማ ቅብ እንደ ወተት ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፣ ቲዩቡ ሞቷል። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን ግን ጤናማ ነው፤ በእሱ ምክንያት ስንት ደህና ቲዩብ ተጥሏል። የሚያስፈራው በብረቶቹ መካከል የሚሞላ ሐምራዊ ጭጋግ ነው፤ ያ ጋዝ ነው።

የኃይል ቲዩብ (ስፒከሩን የሚነዳው ትልቁ ቲዩብ) ፕሌት፣ ማለትም ውጫዊው ግራጫ ብረት፣ ቀይ ፍም ከመሰለ ወዲያው ያጥፉ። አንዱ ብቻ ከቀላ ከጎኑ ካለው ጋር ቦታ ያለዋውጧቸው። ቅላቱ ከቲዩቡ ጋር ከሄደ ቲዩቡ ነው። እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ግን ባያሱ (ቲዩቡ ሳይጫወቱ የሚስበውን ከረንት የሚወስነው አሉታዊ ቮልት) አልደረሰም ወይም ድምፁን ከቀዳሚው ቲዩብ የሚያሳልፈው ኮፕሊንግ ካፓሲተር አፍስሷል፤ አዲስ ቲዩብ ቢሰኩበት እሱንም ያቃጥለዋል።

የማያቋርጥ ጉርምርምታ ሲኖር ድምፁን በደንብ ያዳምጡ። በ50 ኸርዝ አገር፣ 100 ኸርዝ የሆነው ሸካራ ጉርምርምታ ኮረንቲውን ወደሚያለሰልሱት ፊልተር ካፓሲተሮች ወይም እኩል ወደማይስቡ የኃይል ቲዩቦች ያመለክታል። 50 ኸርዝ የሆነው ወፍራሙ ደግሞ ወደ ማሞቂያ ክር ወይም ወደ ግራውንድ።

እዚህ ላይ ስለ ሕይወት እናውራ። በአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ቮልት አለ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ቲዩብ ከውጭ መቀየር ማንም ይችላል፤ ሻሲውን መክፈት ግን በ1 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር ካፓሲተሩን ማፍሰስና በመልቲሜትር ማረጋገጥ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሕግ፦ ስፒከር ሳይሰካ ቲዩብ አምፕ አይበራም። የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከሙሉ የቲዩብ ስብስብ ይበልጥ ይከብዳል፣ ይወደዳልም።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው የማሞቂያ ክሩ የሚስበው አምፒር ነው። ሁለተኛው ፕሌቱ የሚችለው ቮልትና ዋት። ሦስተኛው የእግሮቹ አደራደር። እነዚህ ሦስቱ አምፕሊፋየሩን ያድናሉ ወይም ይገድላሉ፣ ጆሮም አያያቸውም። አራተኛው ድምፁ ጥርት ብሎ የሚቆይበት ልክ ነው፦ ምን ያህል ቮልዩም ድረስ ሳይሰበር ይሄዳል? ለችክችካ ምት ወይም ለትዝታ ሶሎ ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈልግ ጊታሪስትና ቮልዩሙን ከፍቶ ራሱ አምፑ እንዲጮህ የሚፈልግ ሮክ ተጫዋች እዚህ ይለያያሉ። አምስተኛው ነገ ሲበላሽ መተኪያው የሚገኝ መሆኑ ነው።

## የኃይል ቲዩቦች

| ቲዩብ | የፕሌት ገደብ | ማሞቂያ (በ6.3 ቮልት) | የሚታወቅበት አምፕ | ጠባይ |
|---|---|---|---|---|
| ኢኤል84 | 12 ዋት | 0.76 አምፒር | ቮክስ ኤሲ30፣ ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር | ብሩህ፣ ድምፁ ቶሎ የሚሰበር |
| 6ቪ6 | 12–14 ዋት | 0.45 አምፒር | ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ | ለስላሳ፣ በትንሽ ቮልዩም የሚጮህ |
| 6ኤል6ጂሲ | 30 ዋት | 0.9 አምፒር | ፌንደር ትዊን ሪቨርብ | ጥርት ያለ፣ ባሱ ጠንካራ |
| ኢኤል34 | 25 ዋት | 1.5 አምፒር | ማርሻል ጄሲኤም800 | መካከለኛ ድምፆቹ ወደፊት የወጡ |
| ኬቲ88 | 35–42 ዋት | 1.6 አምፒር | ማርሻል ሜጀር (200 ዋት) | ኃይለኛ፣ ድምፁ ለመሰበር የሚያስቸግር |

ኢኤል84 ትንሿና ባለ 9 እግሯ ናት፤ ሌሎቹ ባለ 8 እግር ሶኬት ላይ ስለሚሰኩ እርስ በርስ የሚለዋወጡ ይመስላሉ። አደጋው ያለው እዚህ ነው።

አራት 6ኤል6ጂሲ ያለው አምፕ ላይ አራት ኢኤል34 ቢሰኩ ከማሞቂያው ጥቅል ላይ ተጨማሪ 2.4 አምፒር ይጠይቃሉ። ትራንስፎርመሩ ያንን ታሳቢ ተደርጎ ካልተሠራ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ሁለተኛው ወጥመድ እግር 1 ነው። በኢኤል34 ላይ እግር 1 ሦስተኛው ግሪድ (በቲዩቡ ውስጥ ካሉት የሽቦ መረቦች ሦስተኛው) ስለሆነ ከእግር 8 ጋር መገናኘት አለበት። በ6ኤል6ጂሲና በ6ቪ6 ላይ ግን እግር 1 ባዶ ነው፤ በዚህም ምክንያት ፌንደር በብዙ አምፖቹ ላይ ያንን ነጥብ የግሪድ ሬዚስተር ማሰሪያ አድርጎታል። እዚያ ላይ ኢኤል34 ቢሰካ ሦስተኛው ግሪድ ከባያስ ቮልቴጁ ጋር ይገናኛል። በተቃራኒው ማርሻል ላይ 6ኤል6ጂሲ መሰካት ለማሞቂያው ይቀለዋል፤ ባያሱ ግን የግድ እንደገና መስተካከል አለበት።

6ቪ6 ባለበት ቦታ 6ኤል6 መሰካት የማሞቂያውን አምፒር እጥፍ ያደርጋል፣ የውጤት ትራንስፎርመሩም ለሌላ ቲዩብ የተሰላ ነው። ለበለጠ ጉልበት ብለው ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ለዚያ ገንዘብ የተሻለ ስፒከር መግዛት የበለጠ ይሰማል።

ስለ 6ቪ6 አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። የጥንቱ የፋብሪካ መረጃ መዝገብ ለፕሌቱ 350 ቮልት ይፈቅዳል፤ ዴሉክስ ሪቨርብ ግን ከ400 ቮልት በላይ ይሰጠዋል። ስለዚህ ለዚህ አምፕ ሲገዙ ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይችል እንደሆነ ነው። የስሎቫኪያው ጄጄ 6ቪ6ኤስ ብዙ የጥገና ባለሙያዎች የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። ኢኤል84ም መዝገቡ 300 ቮልት ይላል፣ ኤሲ30 ደግሞ ቲዩቦቹን እስከ ገደባቸው ያስሮጣቸዋል፤ የኤሲ30 ባለቤት ከዴሉክስ ባለቤት ቀድሞ ቲዩብ ቢገዛ የአምፑ ተፈጥሮ ነው።

## ባያስ፦ ሊዘለል የማይገባው ክፍል

አምፖች በሁለት ይከፈላሉ። (ካቶድ የሚባለው ሲግል ኤሌክትሮን የሚለቀው የቲዩቡ ክፍል ነው።) ካቶድ ባያስ የሆኑት፣ እንደ ኤሲ30 ያሉት፣ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ተመሳሳይ የሚስቡ ቲዩቦች ገዝቶ መሰካት ይበቃል። ፊክስድ ባያስ የሆኑት፣ እንደ ትዊን ሪቨርብና ጄሲኤም800 ያሉት፣ የኃይል ቲዩብ በተቀየረ ቁጥር መለካት አለባቸው። «ፊክስድ» የሚለው ስም የማይነካ አስመስሎት ስንቱን አሳስቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የባያስ ቁልፉን በጣም ቀዝቃዛ ወደሆነው ጫፍ፣ ማለትም አሉታዊ ቮልቱ ከፍ ወደሚልበት ያዙሩ። ስፒከር ይሰኩ፣ ቮልዩሙን ዜሮ ያድርጉ።
2. በቲዩቡና በሶኬቱ መካከል የሚገባ የባያስ መለኪያ ይጠቀሙ፤ ወይም ባለሙያው በካቶዱና በግራውንዱ መካከል 1 ኦም ሬዚስተር ይግጠም። በእሱ ላይ የሚነበብ 1 ሚሊቮልት 1 ሚሊአምፒር ነው።
3. አምፑ 10 ደቂቃ ይሙቅ።
4. በእግር 3 ላይ ያለውን የፕሌት ቮልቴጅ ይለኩ።
5. የቲዩቡን የዋት ገደብ በ0.7 ያባዙ፣ በተለካው ቮልት ያካፍሉ። የሚወጣው ጣሪያው ነው።
6. ባያሱን ቀስ እያሉ ያስተካክሉ። የሚስበው ሲጨምር ቮልቱ ስለሚወርድ ሁለቱን እየተፈራረቁ ይለኩ።
7. መብራት አጥፍተው በጨለማ 15 ደቂቃ ፕሌቶቹን ይመልከቱ።

ለምሳሌ 6ኤል6ጂሲ በ450 ቮልት፦ 30 ሲባዛ በ0.7 ማለት 21 ዋት ነው፣ 21 ለ450 ሲካፈል 46 ሚሊአምፒር ገደማ ይሆናል። ይህ ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም፤ ከ35 እስከ 40 ላይ ጀምረው ያዳምጡ። ኢኤል34 በ460 ቮልት ጣሪያው 38 ነው። 14 ዋት የሆነው 6ቪ6 በ410 ቮልት 24 ይሆናል። በካቶድ በኩል ሲለካ የስክሪን ግሪዱ ጥቂት ሚሊአምፒርም ስለሚቆጠር ትንሽ ዝቅ ማለት ጥሩ ነው።

ፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ በውስጡ የመለኪያ ነጥብና የባያስ ቁልፍ አለው፣ ልኩም 60 ሚሊቮልት ነው። ይህ የሁለቱ ቲዩቦች ድምር ስለሆነ ለእያንዳንዱ 30 ሚሊአምፒር ማለት ነው።

«ማችድ» ተብለው በጥንድ ወይም በአራት የሚሸጡት እኩል ሚሊአምፒር የሚስቡ ናቸው፤ ለኃይል ቲዩብ ተጨማሪው ክፍያ ይገባዋል። ለትንንሾቹ ቲዩቦች ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

አራት የኃይል ቲዩብ ያለው ፊክስድ ባያስ አምፕ መድረክ ላይ አንዱ ቢሞትበት ቀሪውን ምሽት በሁለት መጨረስ ይቻላል። አጥፍተው ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ወይም መሃል ያሉትን ሁለቱን ያውጡ፤ አንድ ጎን ላይ ያሉትን ሁለት ግን አይሆንም። ከዚያ የኦም መምረጫውን ግማሽ ላይ ያድርጉ፦ ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ መምረጫው 4 ላይ።

## ትንንሾቹ ቲዩቦች፦ በትንሽ ብር ትልቅ ለውጥ

የአምፑን ጠባይ በርካሽ መቀየር ለሚፈልግ ቦታው እዚህ ነው፣ በተለይ የመጀመሪያው ሶኬት። በማጉላት አቅማቸው ሲደረደሩ 12ኤኤክስ7 100፣ 5751 70፣ 12ኤቲ7 60፣ 12ኤዋይ7 44 ገደማ፣ 12ኤዩ7 ደግሞ ከ17 እስከ 20 ነው። እግራቸውና ማሞቂያቸው ተመሳሳይ ሶኬት ላይ ይስማማል፣ ባያስም አይጠይቁም።

ቮልዩሙ 2 ላይ ሲደርስ ቤት የሚያናውጥ አምፕ ካለዎት በመጀመሪያው ሶኬት ላይ 5751 ይሞክሩ፤ ቁልፉ የሚሠራበት ቦታ ይሰፋል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። የበለጠ ለስላሳ ከተፈለገ 12ኤዋይ7፤ የሃምሳዎቹ ፌንደር ቤዝማን በመጀመሪያው ሶኬት ላይ የያዘው ይህንኑ ነበር። 12ኤዩ7 ግን ዙሪያው ያሉት ሬዚስተሮች ለእሱ ስላልተሰሉ ድምፁን ሕይወት ይነሳዋል። እዚያ ቦታ ላይ አልመክረውም።

የፌንደር ሪቨርብ ትራንስፎርመር የሚነዳው 12ኤቲ7 አይነካ። ሥራው ከማጉላት ይልቅ ከረንት ማቅረብ ስለሆነ 12ኤኤክስ7 ሲገባበት ሪቨርቡ ይደክማል።

ስፒከሩና አምፑ አንድ ሳጥን ውስጥ ባሉበት ኮምቦ የመጀመሪያው ቲዩብ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ረጃጅም ፕሌት ያላቸው ቲዩቦች ለማይክሮፎኒክ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ ለኮምቦ አጭር ፕሌት ያለውን ይምረጡ።

ሬክቲፋየር ቲዩብ (ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው) ያለው አምፕ ላይ ጂዜድ34 (5ኤአር4) ማሞቂያው 1.9 አምፒር ሲስብ 5ዩ4ጂቢ 3 አምፒር ይስባል፤ ትራንስፎርመሩ ካልቻለ አይለዋወጡም። 5ዋይ3 ባለበት ጂዜድ34 ከተሰካ የፕሌት ቮልቱ ሁሉ ከፍ ይላል፣ ባያሱም ይዛባል።

## አዲስ፣ የድሮ ወይስ ያገለገለ?

ዛሬ የሚሠሩት ቲዩቦች በአብዛኛው ከጥቂት ቦታዎች ይወጣሉ፦ ከስሎቫኪያ (ጄጄ)፣ ከሩሲያዋ ሳራቶቭ ከተማና ከቻይና። የሳራቶቩ ፋብሪካ የአሜሪካው ኒው ሴንሰር ኩባንያ ነው፤ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ፣ ሶቭቴክ፣ ታንግ-ሶል፣ ሙላርድና ጎልድ ላየን የሚሉት ስሞች የሚታተሙት እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ ካርቶን የሚገዙት «ሙላርድ» በእንግሊዝ ብላክበርን ከተሠራው የድሮ ሙላርድ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። ቲዩቡ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለስሙ ብለው እጥፍ አይክፈሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሩሲያ የውጭ ሽያጭ ስታግድ የሩሲያ ቲዩቦች አቅርቦት ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ለሥራ የሚጠቀም ሰው ከአንድ አገር ብቻ በሚመጣ ቲዩብ ላይ አይንጠልጠል።

የድሮና ያልተሠራበት ቲዩብ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ትርጉም ይኖረዋል፣ ምክንያቱም አንድ ብቻ ይገዛል፣ ለብዙ ዓመትም ያገለግላል። በየጊዜው በሚያልቀው የኃይል ቲዩብ ላይ ግን ያን ያህል ማውጣት አልደግፍም። ሲገዙ የመለኪያ ውጤቱን በቁጥር ይጠይቁ። ቀለሙ አዲስ የሆነ ማርካ ያጠራጥራል፤ የብላክበርን ሙላርድ ከመስታወቱ ግርጌ ላይ በቢ ፊደል የሚጀምር የተቀረጸ ኮድ አለው፣ እሱን በፎቶ ያስጠጉልዎት።

ከአሮጌ ሬዲዮና መለኪያ ዕቃ የወጣ ያገለገለ 12ኤኤክስ7 ተለክቶ ከመጣ ለኪስ የሚመች ምርጫ ነው። ያገለገለ የኃይል ቲዩብ አይግዙ።

## መብራቱ ራሱ

ኢትዮጵያ ውስጥ ቲዩብን ከምንም በላይ የሚያሳጥረው ኮረንቲው ነው። 220 ቮልት ላይ የተስተካከለ አምፕ 245 ቮልት ሲገባበት የማሞቂያው 6.3 ቮልት ወደ 7.0 ይወጣል፣ 450 የነበረው ፕሌትም 500 ይጠጋል። የሚፈቀደው የማሞቂያ ልዩነት በመቶ 10 ነው። ስታቢላይዘር ከአዲስ ቲዩብ በፊት መገዛት አለበት፤ ባያስም የሚለካው አምፑ በሚሠራበት ቦታ፣ በዚያው ስታቢላይዘር ላይ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረውን ግፊት አምፑ እንዳይቀበለው እንደጠፋ ቁልፉን ይዝጉ።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው አምፕ 120 ቮልት ነው። በ110 ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ሲሠራ ማሞቂያው 5.8 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ በገደቡ ውስጥ ነው፣ ድምፁም ትንሽ ይላላል። ሁለት ነገር ግን ጀርባው ላይ ያንብቡ። «60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመሩ በ50 ኸርዝ ይበልጥ ይሞቃል። የተጻፈውን የዋት ፍጆታ ይዩና መቀነሻው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፉን የሚችል ይሁን። ርካሾቹ መቀነሻዎች የግራውንድ ሽቦ አያሳልፉም፤ ግራውንድ በሌለው አምፕ ላይ ማይክ ከንፈርን ሲነካ የሚሰማው ንዝረት ሰው ሊገድል ይችላል።

## እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ፦ አንድ መደበኛ አዲስ 12ኤኤክስ7 እና ጀርባው ላይ የተጻፈው አምፒር የሆነ ሁለት ፊውዝ። በዚያች አንድ ቲዩብ ከመጀመሪያው ሶኬት ጀምሮ አንድ በአንድ እየቀየሩ ጥፋተኛውን ያገኙታል።

በሳምንት ብዙ ምሽት የሚሠራ የክለብ ተጫዋች፦ ማችድ የኃይል ቲዩብ ስብስብ ከነባያሱ፣ የወጡት ደግሞ ካልሞቱ በመጠባበቂያነት በካርቶናቸው ይቀመጡ። ጥርት ያለ ድምፅ ጠንክሮ እንዲቆም ከፈለገ የሚያዋጣው 6ኤል6ጂሲ ያለበት አምፕ ነው፤ ኢኤል84 ያለበትን በቲዩብ ምርጫ እንደዚያ ማድረግ አይቻልም።

ለቤትና ለስቱዲዮ፦ 6ቪ6 ወይም ሁለት ኢኤል84፣ በመጀመሪያው ሶኬት 5751። የድሮ ቲዩብ መግዣ ያለው ሰው ያንን ገንዘብ እዚያች አንድ ሶኬት ላይ ያውጣው።

ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሲመጣ ለማስመጣት ካሰቡ የቲዩቡን ስም ብቻ አይላኩ። የአምፑን ሞዴል፣ የሶኬቶቹን ብዛት፣ ባያሱ ካቶድ ይሁን ፊክስድ፣ የተለካውን የፕሌት ቮልቴጅ ይጻፉለት። ቲዩቦቹ በየካርቶናቸው ሆነው በልብስ ተጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይምጡ። እንደደረሱ ከመሰካትዎ በፊት ብርማውን ቅብ ያረጋግጡ፤ በመንገድ የተሰነጠቀ ቲዩብ እዚያው ነጭ ሆኖ ይታያል።